ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ስማቸውን ከአያታቸው ያገኙ ሐኪም

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በሚገኘው በጨርጨር የቡና አገር፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት አውራጃውን ካስተዳደሩት መካከል አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረው ስማቸው ግን ዶክተር ቻርለስ ማርቲን ነበር።

የጎንደሩ የነጋድራስ እሸቴ ልጅ ወርቅነህ፣ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ገና የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። ያለ ወላጅ የተገኘውን ሕፃን ኮሎኔል ቻርለስ ቻምበርሌይን ወደ ሕንድ ወሰደው። ኮሎኔሉ ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ሕፃኑም ከአንዱ የመጠሪያ ስም፣ ከሌላው የቤተሰብ ስም ይዞ አደገ። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በወጣትነቱ አርፎ በዚያው ተቀብሯል። የወርቅነህ ዕጣ ሌላ ሆነ።

ወጣቱ በላሆር ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ፤ በስኮትላንድም ትምህርቱን አሻሽሎ በቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ሥር በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ተብሎ እንደተጠራ ግን አያውቅም። በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ዜና በርማ ድረስ ሲደርስ ወደ አገሩ የመመለስ አሳቡ ጠነከረ።

በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ ስለማይችሉ በአስተርጓሚ ነበር የሚነጋገሩት። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። ከእንግሊዝ አገር ስለመጣው ሐበሻ ሐኪም የሚወራው ወሬ አያታቸው ዘንድ ደረሰ። አሮጊቷም መጥተው በሰውነታቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው ለዩአቸው፤ ስማቸው ወርቅነህ መሆኑንም ነገሯቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል የተከማቸው የቅኝ ገዢዎች ወረቀት ያልያዘውን የዘር ሐረግ አንዲት እናት በልባቸው ይዘውት ቆይተዋል። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመዱን ለሚለይ የአገራችን ገበሬ ይህ ብዙም አያስገርመው ይሆናል።

ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ፤ የመንገድ ሥራም አስተባበሩ። ጨርጨርን ሲረከቡ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፎ ነበር። አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ስለነበረ፣ ሹም ከገበሬው ላይ በሚሰበስበው ሳይሆን በደመወዝ የሚያድርበት ሥርዓት ይሞከርበት ነበር። የዘመኑን አሠራር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ጣሊያን አገራችንን ስትወር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ባደጉበት ቋንቋ ለአገራቸው ተሟገቱ። ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቤንጃሚን ግን በአርበኝነት ከተሰለፉት ከጥቁር አንበሶች ጋር ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሁለቱንም ፋሺስቶች ገደሏቸው። አባት ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።