አፄ ዮሐንስ አራተኛ፦ በሁለት እሳት መካከል

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ በየአቅጣጫው በባዕዳን ተከብባ ነበር። ከሰሜንና ከምሥራቅ ግብፅ፣ ከምዕራብ የሱዳን ድርቡሾች፣ ከቀይ ባሕር በኩል ደግሞ ጣሊያን ተራ በተራ ተነሡባት። በውስጥም የትግራይ፣ የሸዋ፣ የጎጃምና የወሎ ገዥዎች በዘውድና በግዛት ይሻኮቱ ነበር። የውጭ አደጋና የውስጥ መለያየት አንድ ላይ የመጡባት አገር ሁለቱንም ልትወጣቸው ትችላለችን? የአፄ ዮሐንስ አራተኛ የ17 ዓመት የዘውድ ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከዚህ ጥያቄ ጋር የተደረገ ትግል ነበር።

አፄ ዮሐንስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ይባሉ ነበር። የተወለዱት በ1829 ዓ.ም. በትግራይ ሲሆን፣ አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ናቸው። በወጣትነታቸው ለአፄ ቴዎድሮስ አድረው የባላምባራስነት ማዕረግ ካገኙ በኋላ ሸፍተው በትግራይ ኃይላቸውን አደረጁ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሣ መንገዱን ፈቀዱለት፤ ስንቅም እንዲያገኝ ረዱት። ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ሰጥቷቸው ሄደ።

ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዘውዱን የጫኑት የላስታው ዋግሹም ጎበዜ፣ በንግሥ ስማቸው አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የካሣን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አግብተው ነበር። ይሁን እንጂ ጋብቻው ጦርነቱን አላስቀረውም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ሲገጥሙ፣ የካሣ ሠራዊት በቁጥር ቢያንስም በመሣሪያና በሥልጠና ይበልጥ ስለ ነበር ድሉ የእሳቸው ሆነ። በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ተቀብተው ዮሐንስ አራተኛ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘውዳቸውን ገና ሳያጸኑ የመጀመሪያው አደጋ ደረሰ። የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል የዓባይን ሸለቆና የቀይ ባሕርን ዳርቻ በሙሉ ለመያዝ ያልም ነበርና፣ በዚያው በ1864 ዓ.ም. ወኪሉ ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ የግብፅ ጦር በተለያየ አቅጣጫ ዘመተ። አንደኛው ክፍል ሐረርን ያዘ። ሙንዚንገር የመራው ሁለተኛው ክፍል ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ለመገናኘት ወደ ሸዋ ሲጓዝ አውሳ ላይ በአፋሮች ተደመሰሰ፤ ሙንዚንገርም በዚያው ሞተ። ዋናው ጦር በሰሜን በኩል መረብ ድረስ ዘለቀ። የጠላት ስሌት ግልጽ ነበር፤ ኢትዮጵያን በጦር ብቻ ሳይሆን በገዥዎቿ ቅራኔም ለማሸነፍ ፈልጎ ነበር።

አፄ ዮሐንስ የክተት አዋጅ አስነግረው በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ የግብፅን ጦር ደመሰሱ። ግብፅ ኃፍረቷን ለመካስ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሌላ ሠራዊት ስትልክ፣ የሐማሴኑ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ለጠላት አደሩ። ቢሆንም በየካቲት 1868 ዓ.ም. መጨረሻ ጉራዕ ላይ በተደረገው ጦርነት ድሉ እንደገና የኢትዮጵያ ሆነ። በእነዚህ ሁለት ጦርነቶች የግብፅ የመስፋፋት ሕልም ተሰበረ።

ጠላት ሲመለስ አፄ ዮሐንስ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዞሩ። በሸዋ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ይሉ ነበር። ሁለቱ ሠራዊቶች በ1870 ዓ.ም. ለመዋጋት ቢቀራረቡም ሽማግሌዎች በመካከል ገቡ፤ በመጋቢት ወር ልቼ ላይ ስምምነት ተደረገ። ምኒልክ በዘመኑ ሥርዓት መሠረት ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ፤ የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ትተው ግብር ለመክፈል ተስማሙ። አፄ ዮሐንስም በፈንታው የሸዋን ንጉሥነት አጸኑላቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙን ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። በዚህ አሠራር አፄ ዮሐንስ ከአፄ ቴዎድሮስ ይለያሉ። አፄ ቴዎድሮስ መሳፍንቱን አጥፍተው አገሪቱን በአንድ እጅ ለመያዝ ሲሞክሩ፣ አፄ ዮሐንስ ግን የበላይነታቸውን ለሚቀበል ገዥ ግዛቱን ይተዉለት ነበር።

ይህ ትዕግሥት ግን በሃይማኖት ጉዳይ አልተደገመም። በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ፣ የአገር አንድነት በአንድ ሃይማኖት እንዲጸና ተወሰነ። የወሎ እስላም መሪዎች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ብዙዎቹ ግን እምነታቸውን አንለውጥም ብለው አመፁ፤ ሌሎችም አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ። አንድነትን ያጸናል ተብሎ የታሰበው ውሳኔ በአገሪቱ እምብርት ላይ አዲስ ቁስል ከፈተ።

በግንቦት 1874 ዓ.ም. መጨረሻ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት በደቡብ ግዛት ተጣልተው እምባቦ ላይ ሲዋጉ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። አፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው የተዋጉትን ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ልጃቸውን ራስ አርአያ ሥላሴንም ገና ሕፃን ለነበረችው ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ አጋቡ።

በዚህ ጊዜ በሱዳን የማህዲ ንቅናቄ ተነሥቶ የግብፅን ጦር በየምሽጉ ከበበ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በተፈረመው ውል አፄ ዮሐንስ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ፤ ለዚህም ከረንና አካባቢው እንዲመለስላቸው፣ የምፅዋ ወደብም ለኢትዮጵያ ንግድ ነጻ እንዲሆን ቃል ተገባላቸው። አፄ ዮሐንስ የድርሻቸውን ፈጸሙ። ነገር ግን በጥር 1877 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ያዘች። ኢትዮጵያ ከውሉ ያተረፈችው የድርቡሾችን ጠላትነትና አንድ አዲስ ወራሪ ሆነ። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ድርቡሾችን ኩፊት ላይ፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 500 የሚጠጋውን የጣሊያን ጦር ዶጋሊ ላይ ድል ነሡ።

ከዚያ በኋላ መከራው ተደራረበ። ጣሊያን ምኒልክ በጦርነቱ ገለልተኛ እንዲሆኑ 5,000 ጠመንጃ ልትሰጣቸው በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዋዋለች። በጥር ወር ድርቡሾች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ አሸንፈው ጎንደርን አቃጠሉ። አፄ ዮሐንስ በዚያው ዓመት መጋቢት ሰሓጢ ላይ ከመሸገው የጣሊያን ጦር ፊት ቢደርሱም፣ ምሽጉ ጽኑ ነበርና፣ ከኋላቸውም የድርቡሽ ጥቃትና የሁለቱ ነገሥታት ምክር አሳስቧቸው ነበርና ሳይዋጉ ተመለሱ።

ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት በእሳቸው ላይ መስማማታቸውን ሲረዱ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎጃም ገቡ። ሠራዊታቸው አገሩን ዘረፈ፤ አቃጠለ። ባላገሩ ነገሥታቱ ላልተስማሙበት ጉዳይ በከብቱና በእህሉ ከፈለ። ቀጥለው ወደ ሸዋ ሊሻገሩ ሲያስቡ የድርቡሾች ዛቻ በረታ። ለድርቡሹ የጦር አለቃ ለአቡ አንጃ፣ የጋራ ጠላታቸው ከባሕር የሚመጣው አውሮፓዊ መሆኑን ገልጠው የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። ሰላሙ ተቀባይ አላገኘም። አፄ ዮሐንስም የውስጡን ጠብ ትተው ወደ ድንበር ዘመቱ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት የጠላትን ቅጥር ጥሶ ገባ። ድሉ በእጅ በገባበት ሰዓት ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። አፄ ዮሐንስ ራስ መንገሻን አልጋ ወራሽ አድርገው ከሰየሙ በኋላ በማግሥቱ ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ወገን ድርቡሾች ደረሱበት፤ አጎታቸው ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲከላከሉ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ጣሊያን ጊዜ አላባከነችም፤ በዚያው ዓመት ከረንንና አሥመራን ያዘች። ሰባት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አፄ ምኒልክ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ ዮሐንስና ራስ አሉላ በአንድ ጦር ሜዳ ተሰለፉ። በአፄ ዮሐንስ ዘመን እርስ በርሳቸው ይፈራሩ የነበሩት ሰዎች አብረው ሲቆሙ ወራሪው ተሸነፈ።

የአፄ ዮሐንስ ሕይወት ለተነሣው ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣል። በጉንደትና በጉራዕ እንደታየው የውጭ ጠላት በጀግንነት ሊመለስ ይችላል። የውስጥ መለያየት ግን በጦር አይድንም። በልቼ በሽምግልና የተደረሰበት ስምምነት፣ እያደር ቢላላም፣ ለዓመታት አገርን ከእርስ በርስ ጦርነት አዳነ፤ በቦሩ ሜዳና በጎጃም በኃይል የተደረገው ግን ቂምን አተረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው ዳር ድንበር ሕይወታቸውን ሰጡ። ለተከታዮቻቸው የተዉት ያልተጨረሰ ሥራም ዳር ድንበሩን የሚጠብቁትን ወገኖች በፈቃድ ማስማማት ነበር።