ባለ እጁ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ

እኛ ድሬዎች የባቡር ወሬ ሲነሳ ለገሃሩን፣ አትሊየውን፣ ኮንትሮለሩን እናነሳለን እንጂ ነገሩን የጠነሰሱትን ሰው እምብዛም አናስታውስም። ስለዚህ ዘንድሮ ስለ ሙሴ ኢልግ ትንሽ ልጻፍ ብያለሁ።

ሙሴ ኢልግ የስዊስ ሰው ናቸው። በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። መጀመሪያ የብረት ሥራ ተማሩ፤ ኋላ ዙሪክ ገብተው መሐንዲስ ሆኑ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ባለ እጅ ሰው ይላክልኝ ብለው ስለ ነበር፣ በ1871 ዓ.ም. ከሁለት የአገራቸው ሠራተኞች ጋር አንኮበር ደረሱ። ያኔ ዕድሜያቸው 25 ገደማ ነበር። ንጉሡ ለመፈተን በመጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነው ይባላል። መሐንዲስ ነኝ ብለው አልተኮፈሱም፤ ቁጭ ብለው ሠሩ። በዚያን ዘመን አገራችን ባለ እጅን ትንቅ እንደ ነበር አትርሱ። ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት እንኳ በ1900 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ ያልሠሩት የለም። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠሩ። ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ውኃ ስበው ግቢው ድረስ ሲያወጡት ሕዝቡ ውኃ እንዴት ሽቅብ ይሄዳል ብሎ ጉድ አለ። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ሆነው ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገውን ንግግር ሁሉ ይረዱ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሐረር ተቀምጦ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ራምቦ ከሳቸው ጋር ይጻጻፍ ነበር። በ1882 ዓ.ም. አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች ግዙልኝ ብሎ ጻፈላቸው። ሙሴ ኢልግ ባሪያውን ነገር እምቢ አሉ፤ ገዝቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም የሚል መልስ ሰጡት። ባሪያ መግዛት እንደ ከብት ግዢ በሚታይበት ዘመን፣ ለዚያውም ለንግድ ወዳጅ! እርግጥ ራሳቸውም መሣሪያ ነግደዋል፤ ጻድቅ ናቸው ማለቴ አይደለም።

በ1887 ዓ.ም. የአገራቸውን ልጅ ወይዘሮ ፋኒ ጋቲከርን አግብተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አራት ልጆች ወለዱ።

ወደ ባቡሩ ልመለስ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጧቸው በ1886 ዓ.ም. ነው። ከሙሴ ሼፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራው ከጅቡቲ ተነሣ። መንገዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው ግን ወጪውን አልቻለም። ስለዚህ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ከተማችን በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ለዚሁ ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ስለ ተዋዋለ ንጉሡ ክፉኛ ተቀየሙ፤ በመጨረሻም ከሰረ። ሥራው ድሬ ላይ ለዓመታት ቆሞ ቀረ። ለኩባንያው ጥፋት ነበር፤ ለኛ ግን በጀን፣ ነጋዴው ሁሉ እዚሁ ሰፈረ።

ሙሴ ኢልግ በ1900 ዓ.ም. ግድም አገልግሎታቸውን ለቀው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ዙሪክ ተመለሱ። ከዚህ የሰበሰቧቸው ዕቃዎችና ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አሉ። በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. እስከ አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር አላዩትም።