አቡነ መሲያስ በሸዋ ደጋ



የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ሥር የሰደደበት ምድር ነው። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግም ከመንዝ ይመዘዛል። የዚህ ዘር ወራሽ የነበሩት ንጉሥ ምኒልክ በደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ ከተማቸውን አቁመው ሳሉ፣ በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የካቶሊክ ጳጳስ ወደ ግቢያቸው ገቡ። እኚህም የአገራችን ሕዝብ አቡነ መሲያስ ብሎ የጠራቸው ጉሊየልሞ ማሳያ ናቸው።

አቡነ መሲያስ በ1809 በሰሜን ኢጣሊያ በፒዮቫ መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ካፑቺን ማኅበር ገብተው በ1832 ቅስና ተቀበሉ። በ1846 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ አገር ሐዋርያዊ መንበር ሲያቋቁሙ እርሳቸው በጵጵስና ተሾሙ። ወደ ተላኩበት ሕዝብ ለመድረስ ግን ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። በዚህም መካከል በ1849 በምፅዋ ለአቡነ ያዕቆብ፣ ማለት ለቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ጵጵስናን በስውር ሰጡ። ከ1852 ጀምሮ በጉድሩ፣ በእናርያና በከፋ ወንጌልን አስተማሩ፤ በ1861 ከከፋ ተባረሩ።

እንግዲህ ልቼ ሲደርሱ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ስደትን የለመዱ አባት ነበሩ። አሳባቸው ወደ ደቡብ ወደ ቀድሞ መንጋቸው ለመመለስ ነበር፤ ንጉሡ ግን አማካሪ አድርገው አስቀሯቸው። እርሳቸውም በፊንፊኔ የስብከት ማእከል መሠረቱ፤ ከአገሩ ተወላጆችም መካከል ካህናትን አፈሩ። ፈንጣጣ ሕዝቡን ባስጨነቀ ጊዜ በገዛ እጃቸው ብዙዎችን ስለ ከተቡ «የፈንጣጣ አባት» ተባሉ። በ1875 አባ ታውሪን ካኛን ረዳትና ተተኪ እንዲሆኑ ጵጵስና ቀቧቸው።

በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እስከ ሸዋ ዘምተው በልቼ ከምኒልክ ጋር ስምምነት አደረጉ። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ መደረጉም ከዚያ ተከተለ። በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የሃይማኖት አንድነት ታወጀ። በ1879 ሰባ ዓመት የሞላቸው ጳጳስ ከታውሪን ጋር ወደ ዐፄ ዮሐንስ ተወስደው በሱዳን በኩል ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። በንጉሥ ሞገስ የተከፈተው በር በነገሥታት ስምምነት ተዘጋ።

ነገር ግን ሥራቸው አልጠፋም። ከአራት ዓመት በፊት የቀቧቸው ታውሪን መንበሩን ተረክበው በ1881 ሐረር ገቡ። ከእርሳቸው በኋላ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ በተራቸው እረኛ ሆኑ። አቡነ መሲያስ ራሳቸው በር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ትእዛዝ የሠላሳ አምስት ዓመት የስብከት ታሪካቸውን በዐሥራ ሁለት ቅጽ ጻፉ። በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1889 በኔፕልስ አጠገብ አረፉ። በ2016 ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ በጀግንነት የፈጸሙትን መልካም ምግባር መስክረው «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ ሰጧቸው።

እኛም ከዚህ ሕይወት የምንማረው አለ። የባለሥልጣን ወዳጅነት ለሐዋርያዊ ሥራ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቤት የሚሠራበት መሠረት አይሆንም። አቡነ መሲያስ ተተኪያቸውን ያዘጋጁት ገና በንጉሡ ዘንድ ተወድደው ሳሉ ነው። በየሰበካችን የምናስተምር ሁላችን፣ ነገ በቦታችን ቆሞ የሚያስተምረውን ሰው ዛሬ እያዘጋጀን እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር።