ባቡሩ ሲመጣ ማን ይከብራል?

ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ ስመላለስ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እኛ ጋ እንዲደርስ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይሉኛል፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። የወሎ ሰው አይደሉም፣ በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ነው የተወለዱት። ግን ነገራቸው የእኛም ነው።

አባታቸው በ1881 መተማ ላይ ሞቱ። ክፉ ቀን ተከተለ። በልጅነታቸው ተሰደው ምጽዋ አጠገብ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያ መርከብ ውስጥ ተደብቀው አውሮፓ ተሻገሩ። በርሊን ተምረው ተመለሱና ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠሩ። በልጅ ኢያሱ ዘመን የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

ነጋድራስ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የነጋዴ ዳኛም ነው። በ1895 ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴ የሞላባት ነበረች። ያገሬው ሰው ቡናና ቆዳ አቅርቦ የውጭ ጨርቅ ይገዛል።

እሳቸው ግን ጣታቸውን ዘር ላይ አልቀሰሩም። ከሞቱ በኋላ በ1916 የታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው ሌላ ምክንያት ያሳያል። እውቀትና መሣሪያ ያለው በጥቂት ድካም የሠራውን፣ የሌለው በብዙ ድካም ካመረተው ጋር ይለውጣል። ሀብቱም ወደ አዋቂው ይፈሳል። መፍትሔ ያሉት ትምህርት፣ የተጻፈ ሕግ፣ የታወቀ ግብር፣ ደመወዝ ያለው ሹም፣ የሃይማኖት ነፃነት ነበር። በ1911 ሲሞቱ 33 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

መርሳ መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡ እናቶችን አያለሁ። መኪና ሲቆም ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። ባቡሩ ሲመጣም እንዲሁ ከቀጠለ፣ ማንጎው በርካሽ ሄዶ ጭማቂው በውድ ይመለሳል። ያኔ መጤ በላን እየተባባልን ጎረቤት ከጎረቤት እንጣላለን። እኔ የምፈራው ይሄን ነው።

የወልድያና የሀብሩ ሹሞች ካሁኑ ቢያስቡበት ጥሩ ነው። የጣቢያው ሱቅ በዘመድ ሳይሆን በግልጽ ጨረታ ይሰጥ፤ ለወጣቱ ሙያ፣ ለገበሬው ማኅበር መጋዘን ይዘጋጅ። ግብሩም ለነባሩም ለመጤውም አንድ ይሁን።

እኛስ? ስልኩ እጃችን ላይ ነው። ነገ እናታችን ገበያ ከመውጣቷ በፊት የአዲስ አበባን የማንጎ ዋጋ ጠይቀን እንንገራት። ነጋድራስ ያሉት እውቀት ከዚህም ይጀምራል።