ሚስ ማርፕልን የፈጠረችው ሴት

የወንጀል መርማሪ ሲባል ብዙዎቻችን በሐሳባችን የምንሥለው ረዥም ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ ያደረገ፣ ሽጉጥ በኪሱ የያዘ ብርቱ ጐልማሳ ነው። ዛሬ የሕይወቷን ታሪክ ለአንባቢያን የምናቀርብላት እንግሊዛዊት ደራሲ አጋታ ክሪስቲ ግን ለመርማሪነት ከመረጠቻቸው ሰዎች አንዷ፣ ነጭ ፀጉሯን በጥቁር ዳንቴል ሸፍና ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ የምትሠራ፣ ባል አግብታ የማታውቅ አሮጊት ናት። ስሟ ሚስ ጄን ማርፕል ይባላል። ደመወዝ የላትም፤ ማዕርግም የላትም፤ ከምትኖርበት ከሴንት ሜሪ ሚድ መንደርም ብዙ ጊዜ አትርቅም። ሆኖም ፖሊሶች የተሳናቸውን ነገር እሷ ታገኘዋለች። ይህች አሮጊት ከየት መጣች ቢባል መልሱ ያለው በደራሲዋ በራሷ ኑሮ ውስጥ ነውና ነገሩን ከሥሩ እንጀምረዋለን። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።)

አጋታ ሚለር የተወለደችው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1890 ዓ.ም. ቶርኪ በምትባለው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቷ ከዘመዶቹ በወረሰው ገንዘብ የሚኖር አሜሪካዊ ነበር። እናቷ ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ማንበብ አይገባውም የሚል እምነት ነበራት፤ ትንሿ አጋታ ግን ማንም ሳያስተምራት በአምስት ዓመቷ ገደማ ማንበብ ጀመረች። እኅቷና ወንድሟ በዕድሜ እጅግ ይበልጧት ስለ ነበር፣ በአትክልቱ ቦታ ብቻዋን ከራሷ በፈጠረቻቸው ጓደኞች ጋር ስትጫወት ትውል ነበር። እንደ ዛሬ ተማሪዎች ከክፍል ወደ ክፍል እያለፈች አልተማረችም። በ1901 አባቷ ሞተ፤ ገንዘቡም እየሳሳ ሄደ።

ከልጅነቷ ዘመን ሁለት ነገሮች ለኋላ ሥራዋ ቀለብ ሆነዋታል። አንደኛው በለንደን አጠገብ ኢሊንግ በሚባለው ሰፈር የምትኖረው አያቷ ናት። ይህች ሴት ደስተኛና ተጫዋች ሆና ሳለ ስለ ሰው ሁሉ የምትገምተው ክፉ ክፉውን ነበር። የሚያስደንቀው ግን ግምቷ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው። አያቷና ባልንጀሮቿ ሻይ ይዘው የሚያደርጉትን የጐረቤት ወሬ ትንሿ ልጅ በዝምታ ስታዳምጥ፣ ወሬው ተራ ሐሜት ብቻ እንዳልሆነና ስለ ሰው ጠባይ ብዙ ዕውቀት እንዳለበት ሳታውቀው ተማረች። ሁለተኛው የገና በዓል ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ እናትና ልጅ ገናን የሚያሳልፉት እኅቷ ባገባችበት ቤተሰብ ዘንድ፣ በማንቸስተር አጠገብ ባለው አብኒ በሚባለው ሰፊ ቤት ነበር። አዳራሹ፣ ደረጃው፣ ስውር ጓዳው የበዛ ቤት ነው። ዓይን አፋሯ አጋታ በገበታው ላይ ግን ዓይን አፋርነቷን ትታ፣ ከቤቱ ወንዶች ልጆች ከአንዱ ጋር ማን አብልጦ እንደሚበላ ትወዳደር እንደ ነበር በ1960 ባወጣችው የገና ታሪኮች መጽሐፍ መቅድም ላይ በደስታ ታስታውሰዋለች። ዘመድ ሁሉ የተሰበሰበበት፣ በሩ የተዘጋ፣ ውጭው የበረደ ትልቅ ቤት በድርሰቶቿ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረበት ዓመት ዲሴምበር 24 ቀን 1914፣ ይኸውም በገና ዋዜማ፣ አርቺባልድ ክሪስቲ የተባለውን የአየር ክፍል መኰንን አገባች። ሙሽራው ሁለት ቀን ሳይቈይ ወደ ፈረንሳይ ጦር ግንባር ተመለሰ። እሷም በቶርኪ ሆስፒታል በመጀመሪያ በአስታማሚነት፣ ኋላም በመድኃኒት ቤት አገለገለች። መርዝን በሚዛን እየለካች የተማረችው በዚህ ነው። እኅቷ የወንጀል ታሪክ መጻፍ አትችዪም ብላ ስላፎካከረቻት በ1916 የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ጻፈች፤ መርማሪውም በቶርኪ ተጠግተው የነበሩትን የቤልጅግ ስደተኞች አይታ የፈጠረችው ኤርኩል ፑዋሮ ነበር። አሳታሚዎች እየተቀባበሉ መለሱት። በመጨረሻ በአሜሪካ በ1920፣ በእንግሊዝ በ1921 ታተመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። በ1926 የጸደይ ወራት እናቷ ሞተች። የእናቷን ዕቃ ስታጣጥፍና ስታለቅስ በከረመችበት በዚያው ዓመት ባሏ ሌላ ወጣት ሴት መውደዱንና መፋታት እንደሚፈልግ ነገራት። ዲሴምበር 3 ቀን ማታ የሰባት ዓመት ልጇን ተኝታ ሳለች ትታ፣ መኪናዋን አስነሥታ ወጣች። በማግሥቱ ጧት መኪናዋ ኒውላንድስ ኮርነር ከሚባለው ቍልቍለት አጠገብ ተገኘች፤ ካፖርቷና የመንጃ ፈቃዷ በውስጡ ነበሩ፤ ባለቤቷ ግን የለችም።

እንግሊዝ በሙሉ ተነሣ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ፖሊሶችና በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች ጫካውን አሰሱ፤ ኩሬው ተፈተሸ፤ ውሾች ተሰማሩ፤ አውሮፕላንም በሰማይ ዞረ። የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ ኮናን ዶይል ሳይቀር ጓንቷን ወስዶ መናፍስትን አነጋግራለሁ ለሚል ሰው ሰጠ! ምክንያትንና ማስረጃን ለዓለም ያስተማረ ደራሲ ይህን ማድረጉ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ባልየውም ገድሏት ይሆናል ተብሎ ተጠረጠረ። ይህ ሁሉ ሲሆን እሷ በሰሜን እንግሊዝ በሃሮጌት ከተማ፣ ሰዎች ለጤና በማዕድን ውሃ በሚታጠቡበት ሆቴል ተቀምጣ ከእንግዶች ጋር ትመገብ ነበር። በመዝገቡ ላይ ያስጻፈችው ከኬፕታውን እንደ መጣች ነው፤ የቤተሰብ ስም አድርጋ የያዘችውም ባሏ የወደዳትን የዚያችን ሴት ስም ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ዲሴምበር 14 ተገኘች። ልብ አድርጉ፤ ለይተው ያወቋት በሆቴሉ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ናቸው። ያ ሁሉ ፖሊስ ጫካ ውስጥ ሲንከራተት ምስጢሩን የፈታው የባንድ ተጫዋች ሆነ።

ቤተሰቦቿ ማስታወስ ችሎታዋን አጥታ ነበር ብለው አስታወቁ። ከጋዜጦች ብዙዎቹ አላመኑም፤ ስሟን ለማስጠራት ያደረገችው ነው ያሉም ነበሩ። ከሃሮጌት ወጥታ የተጠለለችው በልጅነቷ ገናን ባከበረችበት በአብኒ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተሰብስበው ነበር።

ልክ አንድ ዓመት ቈይቶ፣ በዲሴምበር 1927፣ ሚስ ማርፕል ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መጽሔት ላይ ታየች። ታሪኩ የማክሰኞ ማታ ማኅበር ይባላል። በሚስ ማርፕል ቤት ስድስት ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ከእነርሱ ውስጥ የስኮትላንድ ያርድ የቀድሞ አዛዥ፣ ቄስ፣ የሕግ አዋቂ፣ ሠዓሊና ደራሲ አሉ። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ምስጢር እንዲያወራና ሌሎቹ መፍትሔ እንዲፈልጉ ይስማማሉ። ሠዓሊዋ አባሎቹን ስትቈጥር አምስት ብላ ትጨርሳለች። በገዛ ቤቷ ጥግ ላይ ሹራብ የምትሠራውን አሮጊት ረስታለች። አሮጊቷም ሳትቈጣ ቀርቼአለሁ ስትል ታስታውሳታለች። ታሪኩ ሲነገር ሁሉም ተሳስተው እሷ ብቻ ታውቀዋለች፤ ያወቀችውም በመንደሯ የሆነ አንድ ተመሳሳይ ነገር ትዝ ስላላት ነው።

ደራሲ የተባለው የወንድሟ ወይም የእኅቷ ልጅ ሬይመንድ ነው፤ የተማረ፣ ዘመናዊ፣ አክስቱን የሚወድ፣ ነገር ግን ከመንደሯ ውጭ ምን ታውቃለች የሚል ወጣት። ዲግሪያችንን በቅርቡ ይዘን ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰዎች እሱን ስናነብ ትንሽ ብንቅለሰለስ አይፈረድብንም። ሬይመንድ መንደሩን ረግቶ እንደ ቆመ ኩሬ ውሃ ይቈጥረዋል፤ አክስቱ ደግሞ በኩሬ ውስጥ ስንት ሕያው ነገር እንደሚርመሰመስ ታውቃለች።

ሚስ ማርፕልን ለመተዋወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ግን እኔ የምመርጥለት በ1930 የወጣውንና ኋላ የገና አሳዛኝ ታሪክ ተብሎ በ1932 በመጽሐፍ የገባውን አጭር ታሪክ ነው። ገና ሊደርስ ነው። ሚስ ማርፕል እንደ ሃሮጌቱ ባለ የማዕድን ውሃ ሆቴል ተቀምጣለች። አንድ ባልና ሚስት ይገባሉ፤ ሰው ሁሉ ወዷቸዋል። አሮጊቷ ግን ባልየውን ባየች ጊዜ ሚስቱን ሊገድላት እንደሚፈልግ ትረዳለች። ማስረጃ የላትም። በመንደሯ ሚስቱ ወንዝ ውስጥ የወደቀችበትንና የመድን ገንዘብ የተቀበለውን የመጠጥ ቤት ባለቤት ስላስታወሳት ብቻ ነው። ሰውየው ለሚስቱ የገዛላትን የገና ስጦታ አምጥቶ አስተያየቷን እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ሴትዮዋ ትሞታለች፤ ሚስ ማርፕልም አውቃ ሳለ ሳታድናት በመቅረቷ ታዝናለች። ገዳዩን ያስያዘው አንዲት ባርኔጣ ናት፤ እንዴት እንደ ሆነ ግን አልናገርም፤ ያላነበበው ሰው ይቀየመኛልና።

የዲሴምበር ወር፣ የውሃ ሆቴል፣ ሚስቱን የጠላ ደግ መሳይ ባል፤ ደራሲዋ ከሦስት ዓመት በፊት የደረሰባትን ሳታስብ ይህን ጻፈች ለማለት እኔ ይከብደኛል። ጋዜጣ ሁሉ ሲመለከታት ማንም ያላወቃት ሴት፣ ማንም የማይመለከታትን ሴት አስቀምጣ የሌላውን ቤት ምስጢር እንድታውቅ አደረገቻት።

ከባሏ ጋር በ1928 ተፋታች። በዚያው ዓመት ብቻዋን ወደ ባግዳድ ተጕዛ የጥንቱ የዑር ከተማ ሲቈፈር አየች፤ በ1930 ወደዚያው ስትመለስ ማክስ ማሎዋን ከተባለው፣ በዕድሜ ዐሥራ አራት ዓመት ከሚያንሳት የጥንት ታሪክ ተመራማሪ ጋር ተዋወቀች፤ በሴፕቴምበርም ተጋቡ። ሚስ ማርፕል የምትገኝበት የመጀመሪያው ረዥም ልብ ወለድ፣ በቄሱ ቤት ስለ ተፈጸመ ግድያ የሚናገረው፣ የታተመው በዚሁ ዓመት ነው። አሮጊቷ በጠቅላላው በ12 ልብ ወለዶችና በ20 አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ትገኛለች። ደራሲዋ ፑዋሮን እየቈየች ሰልችታዋለች፤ ማርፕልን ግን እስከ መጨረሻው ወዳታለች። አሳታሚዋም ለገና አንድ ክሪስቲ እያለ መጽሐፎቿን በየዓመቱ ለበዓል ስጦታ ያቀርብ ነበር። በ1952 በለንደን መታየት የጀመረው የአይጥ ወጥመድ የተባለው ቴያትሯ በዓለም ላይ ለረዥም ጊዜ ከታዩት ሁሉ የበለጠ ነው። በ1971 የዴም ማዕርግ ተሰጣት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምናልባት ብሞት ብላ ጽፋ ያስቀመጠችው የማርፕል ልብ ወለድ ነበረ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1976 በ85 ዓመቷ ካረፈች በኋላ በዚያው ዓመት ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የራሷን ሕይወት የጻፈችበት ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። ስለ ኢሊንግ አያቷ፣ ስለ አብኒ ገና፣ ስለ ሆስፒታሉ መርዝ፣ ሚስ ማርፕል እንዴት እንደ ተወለደች በሰፊው ትተርካለች። ስለ ዐሥራ አንዱ ቀን ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቃል አይገኝም።