ጀምሮ መፈጸም፤ የመርከበኛው የጆሹዋ ስሎኩም ታሪክ

ሥራን መጀመር የብዙ ሰው ነው፤ መፈጸም ግን የጥቂቶች ነው። ከነዚህም ጥቂቶች አንዱ ጆሹዋ ስሎኩም ነበረ።

ስሎኩም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም. በካናዳ፥ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አገር ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ጫማ በመሥራት እንዲረዳው አደረገው። እርሱ ግን ልቡ ወደ ባሕር ስለ ሳበው፥ በ14 ዓመቱ ከቤቱ ኰብልሎ በዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ሆነ። ከዚያም በትጋቱ ከፍ እያለ የታላላቅ የሸራ መርከቦች አለቃ ለመሆን በቃ።

በ1887 ዓ.ም. ግን የገዛ መርከቡ በብራዚል ጠረፍ ተሰበረችበት። ሀብቱን ቢያጣም ተስፋውን አላጣም፤ ጀልባ ሠርቶ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አሜሪካ ገባ። በዚያ ዘመን በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ የሸራውን መርከብ እየተካ ነበረና፥ ሥራ የሚሰጠው ሰው አጣ።

በ1892 ዓ.ም. አንድ ወዳጁ ጥቂት እድሳት የምትሻ መርከብ ሊሰጠው ተስፋ ሰጠው። ስሎኩም ፌርሄቨን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ቢያይ፥ ስፕሬይ የምትባል አሮጌ ጀልባ በመስክ ላይ ተደግፋ ቆማ አገኘ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የተጣለች ነበረች። የአገሩ ሰዎችም ሊያፈርሳት የመጣ መሰላቸው። እርሱ ግን ምሳር አንሥቶ በአቅራቢያው ዛፍ ቈረጠ፤ የበሰበሰውን እንጨት በአዲስ እየተካ 13 ወር ሠራ። ለዕቃውም ያወጣው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ብቻ ነበረ። የጀልባይቱም ርዝመት 11 ሜትር ያህል ነበረ።

በኤፕሪል 24 ቀን 1895 ዓ.ም. ብቻውን ሆኖ ከቦስተን ተነሣ። አትላንቲክን ተሻግሮ ጂብራልታር በደረሰ ጊዜ ወደ ፊት የባሕር ወንበዴዎች እንዳሉ ቢነግሩት፥ ጕዞውን አልተወም፤ መንገዱን ለውጦ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተመለሰ። ብርዱና ነፋሱ በጸናበት በማጄላን መተላለፊያ አልፎ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ወጣ። በዚያም ከኋን ፈርናንዴዝ ደሴት እስከ ሳሞዋ 72 ቀን ከየብስ ሳይደርስ ሄደ። ሰዓቱም አንዲት የተሰበረች ርካሽ ሰዓት ነበረች። ከዚያም በአውስትራልያና በአፍሪቃ ደቡብ ጫፍ ዞሮ ወደ አሜሪካ አቀና።

ነገር ግን ብርቱው ፈተና ከደጁ ላይ ጠበቀው። በጁን 25 ቀን 1898 ዓ.ም. በኒውዮርክ አቅራቢያ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ተነሣበት፤ እርሱ ግን አገሬ ቀርቧል ብሎ አልተዘናጋም፥ ሸራውን አስቀድሞ አውርዶ ነበረ። በዚያ ወራት አሜሪካና እስፓንያ ይዋጉ ስለ ነበሩ፥ በኒውፖርት ወደብ መግቢያ ፈንጂ ተቀብሮ ነበረ። እርሱም በድንጋዮቹ አጠገብ ተጠግቶ እየተጠነቀቀ በጁን 27 ሌሊት ገባ። የሄደውም መንገድ 46 ሺህ ማይል፥ የፈጀበትም ጊዜ 3 ዓመት ከ2 ወር ነው። ብቻውን ዓለምን በጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሥራዬ አለቀ አላለም። ወደ ፌርሄቨን ሄዶ፥ ስፕሬይ አዲስ ሆና ወደ ውኃ በወረደች ጊዜ ከታሰረችበት ከዚያው ችካል ላይ በጁላይ 3 ቀን አሰራት። በ1900 ዓ.ም. የጕዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዓመታት በኋላ በዚያችው ጀልባ ብቻውን ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ።

ልጆች ሆይ፥ ሰው የናቀውን ነገር ለማደስ አትፈሩ። የጀመራችሁትም ሥራ ሊያልቅ ሲቃረብ አትዘናጉ፤ ገመዳችሁ ከችካሉ ላይ እስኪታሰር ድረስ መንገዳችሁ አላለቀምና።