ኦኔሲሞስ ነሲብ፤ በባዕድ ቋንቋ ተምረው በእናታቸው ቋንቋ የጻፉ ሊቅ

ከዲንሾና ከአጋርፋ፥ ከሲናናና ከጎሮ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ለትምህርት የሚመጣ ብዙው ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል በገባ ጊዜ አንድ ፈተና ይጠብቀዋል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በእናቱ ቋንቋ በኦሮምኛ ሲማር ቆይቶ ሒሳቡም፥ ሳይንሱም፥ ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። መልሱ በልቡ ሳለ አፉ ታስሮ ይቀመጣል፤ ጓደኞቹም ሰነፍ ነው ይሉታል። ይህ ችግር ግን በእኛ የተጀመረ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ እጅግ የከበደውን ሸክም ተሸክመው ለፍሬ የበቁትን የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ታሪክ በዚህ መጽሔት ለአንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ፈቺ፥ ተርጓሚ ማለት ነው። አራት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱባቸው። ከዚያም ገና ልጅ ሳሉ የባሪያ ነጋዴዎች ሰርቀው ወሰዷቸውና በስምንት ጌቶች እጅ አልፈው ምጽዋ ደረሱ። በዚያም በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣቸውና በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት አስገባቸው። በምጽዋና በአካባቢው የሚነገረው ትግረና ዓረብኛ ስለ ነበር፥ ልጁ የእናቱን ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። ቢሆንም በትምህርታቸው እጅግ ትጉህ ሆኑ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠምቀው ኦኔሲሞስ ተባሉ።

ትጋታቸውም ስለ ታየ በ1876 ወደ ስዊድን አገር ተላኩ። የገቡበትም ትምህርት ቤት ከስቶክሆልም ከተማ አጠገብ በብሮማ የነበረው የዮሐነሉንድ ሴሚናር ነው። ከኢሉባቦር ደንና ከምጽዋ ሐሩር ለመጣ ወጣት ያ አገር ምን ያህል እንግዳ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። በታኅሣሥ ወር በስቶክሆልም የቀኑ ብርሃን ከ6 ሰዓት እምብዛም አያልፍም። የሳኔቲን ብርድ የምናውቅ እኛ እንኳ እንዲህ ያለውን ክረምት አናውቅም።

ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ግን ቋንቋው ነው። በኦሮምኛ፥ በአማርኛም እንደዚሁ፥ ግሡ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ሰሚው እስከ መጨረሻ ይጠብቃል። በስዊድንኛ ግን ግሡ በሁለተኛው ስፍራ ይቆማል። ስለዚህ በእኛ ልማድ የሚያዳምጥ ሰው ግሡን ሲጠብቅ ነገሩ ያመልጠዋል። ደግሞም ስዊድኖች በላቲን ፊደል ላይ ሦስት ሌሎች አናባቢዎች ጨምረዋል። ነገር ግን ባዕድ ቋንቋ ሁሉ በየትኛውም በኩል ዝግ አይደለም። ስዊድኖች ቤትን ሁስ ይላሉ፤ የታወቀ ቤት ሲሆን ምልክቱን ከኋላ ቀጥለው ሁሴት ይላሉ። ይህም እኛ ቤት ብለን ቤቱ እንደምንል፥ በኦሮምኛም ነማ ተብሎ ነሚቻ እንደሚባል ያለ ነው። አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው እንዲህ ያለውን መመሳሰል ሲያገኝ በባዕድ ቤት የዘመድ ፊት እንዳየ ይሆናል።

ኦኔሲሞስ በዚያ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተቀምጠው በ1881 ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ምሕረት ኃይሉ የተባሉትንም ሴት አገቡ። ወዲያውም በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ተወለዱበት አገር ለመግባት ሞከሩ። ነገር ግን እስከ ድንበሩ አጠገብ እስከ ፋማካ ደርሰው፥ መንገዱም ስለ ተዘጋ ወባውም ስለ በረታ፥ በ1882 ወደ ካርቱም ለመመለስ ግድ ሆነባቸው።

ከዚህ በኋላ በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ከሁሉ የከፋውን ችግር አገኙ። ከልጅነታቸው ጀምረው ከኦሮምኛ ተናጋሪዎች ርቀው ስለ ኖሩ የእናታቸው ቋንቋ ሳስቶባቸው ነበር። ስሙ ተርጓሚ የተባለው ሰው የሚተረጕምበትን ቃል በገዛ ቋንቋው ማግኘት አቃተው።

ኦኔሲሞስ ግን ይህን አፍረው አልሸሸጉትም፤ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። ያም ሰው አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ናት። አስቴር በሊሙ እናሪያ ባርነት የቀመሰች፥ በኋላም ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከብ ያስጣላት ነበረች። ኦሮምኛውን አልረሳችም ነበርና ወደ አምስት መቶ የሚሆኑ እንቆቅልሾችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጻፈች፤ ለትርጉሙም የሚረዳ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። በዚህ አኳኋን አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ጀልቀበ በርሲሳ የተባለው የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስኾና ታተመ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው።

ኦኔሲሞስ በመጨረሻ በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ። በነቀምቴም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀብለዋቸው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። በኋላ ክስ ቢደርስባቸውና ቢከለከሉም በ1916 ልጅ ኢያሱ የማስተማር ፈቃድ ሰጧቸው። በሰኔ 1931 ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ እኛ የባሌ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ባዕድ ቋንቋ ያስቸገረው ተማሪ ሰነፍ አለመሆኑን ነው፤ ጊዜና ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አዲስ ገብቶ አፉን የያዘውን ጓደኛችንን ከመሳቅ ይልቅ እናስጠናው። ሁለተኛው፥ አዲሱን ስንማር የቀድሞው በቸልታ እንዳይጠፋብን መጠንቀቅ ነው። በእረፍት ጊዜ ወደ የቀዬአችን ስንመለስ አያቶቻችን የሚያውቁትን ተረትና ምሳሌ በደብተራችን እንጻፍ። አስቴር ጋኖ ባትጽፍ ኖሮ የኦኔሲሞስ ሥራ እጅጉን በጎደለ ነበርና።